«ለምን ለሴቶች ብቻ?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ

ውድ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? በአርባ ምንጭ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ሂሳብ አስተምራለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ግን አንድ ነገር ውስጤን እየበላኝ ነው።

ትዕግስት የምላት የ9ኛ ክፍል ተማሪ አለችኝ። ስሟን ቀይሬዋለሁ። ዓመቱ ሲጀመር እጇን ለማውጣት የሚቀድማት አልነበረም። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ ወጥታ አንድ ጥያቄ በራሷ መንገድ ስትሠራ ተሳሳተች። ከኋላ የተቀመጡ ወንዶች ሳቁባት። ከዚያ ወዲህ እጇን አውጥታ አታውቅም። ደብተሯን ሳርም ግን መልሶቿ ልክ ናቸው። ሳናግራት «ቲቸር፣ እኔ ወደፊት ሶሻል ነው የምገባው። ሂሳብ ለኔ አይሆንም» አለችኝ። እንደ እሷ ያሉ ብዙ ናቸው።

ስለዚህ ከከተማችን ትምህርት ቤቶች የተውጣጡ 300 ሴት ተማሪዎች የሚገኙበት የአንድ ቀን የሳይንስና የሂሳብ ጉባኤ ለማዘጋጀት አሰብኩ። ፕሮፖዛል ጽፌ ለርዕሰ መምህራችን ሰጠኋቸው። አንብበው «ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ለምን ለሴቶች ብቻ? ወንዶቹስ የማን ልጆች ናቸው?» አሉኝ። ተናድጄ ወጣሁ እንጂ የሚረባ መልስ አልሰጠኋቸውም። ባልደረቦቼ ደግሞ «አበል አለው?» ነው የሚሉኝ። አንድ ነጋዴ ቲሸርትና ባነር ላሠራልሽ ብለውኛል። በምላሹ መድረክ ላይ ሰፊ ንግግር ማድረግ ይፈልጋሉ። የትዕግስትን እናት ሳናግራቸውም ቅዳሜ ያለ ልጃቸው ሥራው እንደማይሆንላቸው ነገሩኝ። ጉልት ነው የሚሸጡት።

ባለቤቴ «ራስሽን አትጨርሺ» ይለኛል። እኔም ሌሊት እያሰብኩ እፈራለሁ። ባይሳካ በከተማው መሳቂያ እሆናለሁ። ልተወው ወይስ ልግፋበት?

የሂሳብ መምህርት፣ ከአርባ ምንጭ

*

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እንቅልፍ የሚነሳሽ የጉባኤው ጉዳይ ይመስላል። እኔን ግን ከሁሉም በላይ የያዘችኝ ትዕግስት ናት። ደብተሯ ላይ ልክ እየሠራች በአፏ «ለኔ አይሆንም» የምትል ልጅ። ዝም ያለችን ተማሪ ደብተር አይቶ ዝምታው ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ መምህር ብዙ አይደለም። አንቺ ጠይቀሻል። ስለዚህ የመጀመሪያው መልሴ አጭር ነው። አትተዪው።

በያዝሽው መልክ ግን አትግፊበት። 300 ልጅ፣ መድረክ፣ ባነር፣ ቲሸርት፣ ንግግር። ይሄ ሁሉ ለትዕግስት ምን ያደርግላታል? ፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ግማሽ ቀን ንግግር ብትሰማ፣ ሰኞ ክፍል ስትገባ እጇን ታወጣለች? አይመስለኝም። ሰው ፊት ተስቆባት ነው ዝም ያለችው። የሚያስፈልጋት ማንም ሳይስቅባት የምትሳሳትበት ቦታ ነው። በእጇ የምትነካበት፣ የምትፈታበት፣ የምትሞክርበት፣ አልሆን ሲላት «እስቲ እንደገና» የምትባልበት። ቀኑን በዚህ ዙሪያ ካሰብሽው ብዙው ነገር ራሱ መልክ እየያዘ ይመጣል።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይህን ሁሉ ስታቅጂ ልጆቹን ጠይቀሻቸዋል? ካልጠየቅሻቸው በዚህ ሳምንት ስድስት ሰባት የሚሆኑትን ሰብስቢ። ወሬኛዋንም ዝምተኛዋንም። ወረቀት ስጫቸውና ስማቸውን ሳይጽፉ ሁለት ነገር ይንገሩሽ። በሂሳብና በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ደስ የሚላቸው መቼ ነው? መደበቅ የሚያምራቸውስ መቼ ነው? የሚጽፉልሽ ነገር ሊያስገርምሽ ይችላል። ምናልባት ችግሩ ካሰብሽው ቦታ ላይሆን ይችላል። ደግሞም ርዕሰ መምህሩ ፊት ስትቀርቢ ከአንቺ ቁጣ በላይ የሚናገሩልሽ እነዚያ ወረቀቶች ናቸው።

ወደ እሳቸው ልምጣ። ጥያቄያቸው ክፋት ያለበት ሆኖ አልታየኝም። የሁሉም ተማሪ ኃላፊ ናቸው፤ ነገ የወንድ ልጅ አባት መጥቶ ሲጠይቃቸው የሚመልሱት ይፈልጋሉ። በክርክር ለመርታት አትሞክሪ። ማሳየት ይቀላል። ከፊዚክስ ወይም ከኬሚስትሪ መምህሩ ጋር ተነጋግረሽ አንድ የላብራቶሪ ክፍለ ጊዜ ላይ ጋብዣቸው። ተማሪዎቹ በቡድን ሲሠሩ ማን ምን እንደያዘ ብቻ ይመልከቱ። በብዙ ክፍል የሚታየው ተመሳሳይ ነው። ቢከሩን የሚይዘው፣ ሽቦውን የሚያገናኘው ወንዱ ነው። ሴቷ «ጽሕፈትሽ ያምራል» ተብላ ሪፖርቱን ትጽፋለች። ማንም አስቦ አላደረገውም፤ እንዲያው ሲለመድ የመጣ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ግን እሷ ቴስተር ሳትይዝ ወደሚቀጥለው ክፍል ታልፋለች። «ለአንድ ቀን መሣሪያው በሙሉ በሴቶቹ እጅ ይግባ ነው የምለው» በያቸው። ከወንዶቹ የሚቀነስ ነገር የለም። ገዝተሽ የምታመጪው ዕቃ እዚያው ትምህርት ቤት ይቀራል። ዓመቱ ከማለቁ በፊት በዚያው ዕቃ ለሁሉም ተማሪ የሳይንስ ቀን ይዘጋጃል ብለሽ ፕሮፖዛሉ ላይ ጨምሪ። የምታደርጊው ከሆነ ብቻ ነው ታዲያ።

ነገሩ አንቺ የፈጠርሽው አዲስ ጣጣ እንዳልሆነም ይወቁ። አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ በነበረው ሚልስ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1976 በሳይንስና በሂሳብ ሙያ ያሉ ሴቶች ተሰባስበው ለሴት ተማሪዎች እንዲህ ያለ የአንድ ቀን ጉባኤ አዘጋጅተው ነበር። ከዚያ በኋላ በብዙ ከተሞች ተደግሟል። አካሄዱ ቀላል ነው። ልጆቹ በትንንሽ ቡድን ከክፍል ክፍል እየዞሩ በእጃቸው ይሠራሉ። የሚያሠሯቸው በሙያው ውስጥ ያሉ ሴቶች ናቸው። ለወላጆችም የራሳቸው ዝግጅት ይኖራል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ፌብሩዋሪ 11 የሴቶችና የልጃገረዶች በሳይንስ ቀን እንዲሆን ወስኗል። በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው የካቲት 4 ላይ ይውላል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና የሚያልቅበት ሰሞን ነውና ለአንቺም ይመቻል። ቀኑን ደብዳቤሽ ላይ ጥቀሺው፤ የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም ለመፍቀድ ይቀለዋል።

አሁን ስለ ቁጥሩ። 60 ልጅ ይበቃሻል። ከአራት ትምህርት ቤት 15፣ 15። አራት ክፍል፣ በእያንዳንዱ 15 ልጅ፣ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ሠርተው ይቀያየራሉ። 300 ልጅ ከሆነ ግን መሣሪያ የሚነካው ጥቂቱ ነው፤ ሌላው ቆሞ ያያል። ያ ደግሞ የሸሸሽው ነገር ነው። የ8ኛና የ9ኛ ክፍል ልጆችን ብትመርጪ ደስ ይለኛል። ናቹራል ወይስ ሶሻል የሚለው የሚወሰነው 11ኛ ክፍል ሲገቡ ነው፤ ልጆቹ በሐሳባቸው የሚወስኑት ግን ከዚያ በፊት ነው። ትዕግስት ገና 9ኛ ሆና ወስናለች። ስትመርጪም ደረጃ የወጡትን ብቻ አትሰብስቢ። የየክፍሉን ኃላፊ መምህር «ጎበዝ ሆና ዝም ያለች ማን ናት?» ብለሽ ጠይቂ። እያንዳንዷም አንዲት ጓደኛዋን ይዛ ትምጣ፤ 60 ያልኩሽ ከነጓደኞቻቸው ነው። ብቻዋን የማትደፍር ልጅ ከጓደኛዋ ጋር ትደፍራለች።

በክፍሎቹ ውስጥ ምን ይሠራል? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የቀኑ ልብ ያለው እዚህ ነው።

አርባ ምንጭ ነሽና ከሙዝ ጀምሪ። ግማሽ የበሰለ ሙዝ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ በእጅ ይጨፈለቃል። አንድ ቁንጥር ጨው፣ ትንሽ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ይገባበታል። ላርጎ ይበቃል። አረፋ እንዳይበዛ ቀስ ተብሎ ይደባለቅና በንጹህ ሻሽ ወደ ብርጭቆ ይጠለላል። ከዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያደረ የፋርማሲ አልኮል በብርጭቆው ጠርዝ በኩል ቀስ ብሎ ይፈስሳል። አልኮሉ ከላይ ይቀመጣል። ጥቂት ደቂቃ ሲጠበቅ በሁለቱ ድንበር ላይ ነጭ፣ የጥጥ ክር የመሰለ ነገር ብቅ ይላል። የሙዙ ዲኤንኤ ነው። ልጅቷ በስንጥር ጠቅልላ ታወጣዋለች። መጽሐፍ ላይ በሥዕል ብቻ የምታውቀውን ነገር ራሷ አወጣችው ማለት ነው። ጠንከር ያለ አልኮል ፈልጊ፣ ከ90 ከመቶ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለእጅ ማጽጃ የሚሸጠው 70 ከመቶው ደከም ያለ ውጤት ነው የሚሰጠው። ክብሪትና ሻማ ክፍሉ ውስጥ እንዳይገባ። ከቀኑ በፊትም ቤትሽ ሞክሪው።

ሁለተኛው ክፍል የኬሚስትሪ ይሁን። ከርከዴ ቀቅይና ቀዩን ውሃ በትንንሽ ብርጭቆ አከፋፍዪ። ሎሚ ሲጠብበት ቀዩ ይደምቃል። የሳሙና ወይም የአመድ ውሃ ሲገባበት ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይለወጣል። ከዚያ እርሾ አምጪ። ከቡኮው ላይ የሚንሳፈፈውን ያንን ቢጫ ውሃ። ጠብ ከማድረጋቸው በፊት ምን ዓይነት ቀለም እንደሚመጣ ይገምቱና ግምታቸውን ይጻፉ። «ለምን እንዲህ አልሽ?» በያት። መልሷ ልክ ባይሆንም የገመተችበትን ምክንያት ስትናገር ሳይንስ እየሠራች ነው።

ሁሉም ነገር የማድ ቤት እንዳይሆን ግን አደራ። ለሴቶች ሲዘጋጅ ምግብና ቅባት ላይ ብቻ የሚቀር ብዙ ነው፤ እኔ ይሄ አይመቸኝም። ስለዚህ በሦስተኛው ክፍል ካቻቢቴ፣ ቴስተር፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ትንንሽ አምፖልና የማይሠራ ሬዲዮ ይኑር። ይፍቱት። ውስጡን ይዩት። የትኛው ሽቦ ወዴት እንደሚሄድ ይከታተሉ። ከሶኬት ጋር የተያያዘ ነገር እንዳይኖር፣ የስልክ ባትሪም እንዳይከፈት ብቻ ተጠንቀቂ። ብዙዎቹ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ካቻቢቴ የሚይዙት ያን ቀን ሊሆን ይችላል።

አራተኛው የአንቺ ክፍል ነው። ረፋድ ላይ አንዱን ቡድን ወደ ሜዳ አውጪውና የባንዲራውን ምሰሶ ቁመት ሳይወጡበት ይለኩት። አንድ ሜትር ዱላ ቀጥ አድርገው ያቁሙ። ጥላው 80 ሴንቲ ሜትር ሆነ እንበል። በዚያው ሰዓት የምሰሶው ጥላ 6.4 ሜትር ከሆነ ምሰሶው 8 ሜትር ነው። ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖችን በሰሌዳ ከምታስረጂ እንዲህ ይቀላል። በቀትር ጥላው ስለሚያጥር ለሌሎቹ ቡድኖች ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሌላ ነገር ያዢ።

ለዚያ የሚሆን አንድ ነገር አለኝ። በተለያዩ አገሮች የሂሳብና የኮምፒውተር ትምህርት ላይ «የኢትዮጵያ ማባዣ ዘዴ» እየተባለ የሚጠራ አለ። የጥንት ግብፆችም ተመሳሳዩን ይጠቀሙ ነበር። 13ን በ24 እናባዛ። በግራ 13፣ በቀኝ 24 ጻፊ። ግራውን ለሁለት እየከፈልሽ ውረጂ፣ ቀሪ ሲመጣ ጣዪው፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። ቀኙን እጥፍ አድርጊ፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። አሁን በግራ ተጋማሽ ቁጥር ያለበትን መስመር ሰርዢ። እዚህ 6 ብቻ ናት፤ 48ን ይዛ ትሄዳለች። በቀኝ የቀሩትን ደምሪ። 24፣ 96 እና 192። 312 ይመጣል። በተለመደው መንገድም 312 ነው። ከዚያ «ለምን ሠራ?» ብለሽ ዝም በይ። መልሱን አትንገሪያቸው። ይከራከሩበት፣ ይሳሳቱ፣ ሌላ ቁጥር ይሞክሩ። በራሷ መንገድ ስለሠራች የተሳቀባት ልጅ ለአንድ ጥያቄ ከአንድ በላይ መንገድ እንዳለ እዚያ ታያለች።

የሚያሠሯቸውን ሴቶች ከሩቅ አትፈልጊ። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ነው። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረ ተቋም ስለሆነ በውሃ ምህንድስና የተማሩ ሴቶችን ከዚያ አታጪም። የሚመለከተውን የትምህርት ክፍል በደብዳቤ ጠይቂ፤ ሴት መምህራንም፣ የ3ኛና የ4ኛ ዓመት ሴት ተማሪዎችም ይላኩልሽ። የኋለኞቹን አትናቂ። በዕድሜ ስለሚቀርቡ ልጆቹ የሆዳቸውን የሚጠይቁት እነሱን ነው። ከጤና ጣቢያ አንዲት የላብራቶሪ ባለሙያ ማይክሮስኮፕ ይዛ ብትመጣና የወባን ተሕዋስ ብታሳያቸው ምሳ ሰዓት ላይ የሚሰለፉባት ይመስለኛል። በከተማው ወባን የማያውቅ ቤት የለምና። ስለ ዶ/ር ሰገነት ቀለሙ የሚናገር አንድ ፖስተር ግድግዳ ላይ ብትለጥፊም መልካም ነው። ፍኖተ ሰላም ተወልደው፣ ዓለማያ ተምረው፣ በዕፅዋት በሽታ ምርምር እስከ ናይሮቢው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ዋና ዳይሬክተርነት የደረሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የሎሪያልና የዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ያገኙ ሴት ናቸው። ፖስተሩ ግን ፖስተር ነው። ነገ ታክሲ ላይ ሰላም የምትላት፣ ሲቀላ ገበያ የምታገኛት ሴት መሐንዲስ ትበልጥባታለች።

እነዚህን ሴቶች ንግግር አታስደርጊያቸው። ሲያሠሩ ያውሩ። ምን እንደሚሠሩ፣ የቱ ጋ እንደወደቁ፣ ሲወድቁ ማን እንዳነሳቸው።

ከዚህ አንጻር ነጋዴው ሰውዬ ቀላል ናቸው። ሊረዱሽ መፈለጋቸው ደግ ነገር ነው፤ አታስቀይሚያቸው። «ከቲሸርት ይልቅ የልጆቹን ምሳና የባጃጅ ሒሳብ ቢችሉልኝ ብዙ ነገር አደረጉልኝ» በያቸው። ምስጋናው በምሳ ሰዓት፣ ልጆቹ ፊት፣ ስማቸው ተጠርቶ ይቀርብላቸዋል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ሰላምታ ይስጡ። ከዚያ በላይ ካሉ ግን በትሕትና እንቢ በይ። የቀኑ ሰዓት የልጆቹ ነው።

የትዕግስት እናት ነገር ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ቅዳሜ የምትቀር ልጅ ማለት ለእሳቸው የቀረ ገቢ ነው። ስለ ትምህርት ጥቅም ሊነግራቸው የሚመጣ ሰው አያስፈልጋቸውም፤ ያውቁታል። ስለዚህ ቀኑን አንቺ ቀይሪ። የሴሚስተር እረፍት ላይ ገበያ የማይደራበት የሥራ ቀን ብትይዢ ብዙ እናቶች ይለቃሉ። ወደ እሳቸውም ሂጂ። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ሳይሆን ጉልቱ ቀዝቀዝ ሲል። መጀመሪያ ልጃቸው ምን እንደምትችል ንገሪያቸው። መምህር ቤት ድረስ ወይም ገበያ ድረስ የሚመጣው ልጅ ሲያጠፋ ነው ብለው የለመዱ ወላጆች አሉ። «ልጅዎ ጎበዝ ናት፣ እሱን ልነግርዎት ነው የመጣሁት» ብለሽ ጀምሪ። ከዚያ የትኛው ቀን፣ የትኛው ሰዓት እንደሚቀላቸው ጠይቂያቸው። በመጨረሻው አንድ ሰዓትም እናቶችና አባቶች ይጠሩ። ልጆቹ ከሠሩት አንዱን ራሳቸው ያሳዩአቸው። አባቶችን በተለይ በስማቸው ጥሪ፤ ካልተጠሩ የእናቶች ጉዳይ ነው ብለው ይቀራሉ።

ትንንሽ የሚመስሉ ግን ቀኑን የሚያበላሹ ነገሮችም አሉ። ዐቢይ ጾምና ረመዳን መቼ እንደሚገቡ ቀድመሽ እዪ። የካቲት አካባቢ ሊሆኑ ይችላሉ። ምሳው ለሁሉም የሚሆን የጾም ምግብ ይሁን፣ ረመዳን ከገባ ደግሞ ለጾመኞቹ ልጆች የሚወስዱት ይቋጠርላቸው። መጸዳጃ ቤቱ ውሃ እንዳለው በዋዜማው ራስሽ አረጋግጪ፤ ሞዴስም አስቀምጪ። ስለ እሱ ማንም ለመጠየቅ እንዳይገደድ ግልጽ ቦታ ላይ ይሁን። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሺ፤ ራቅ ካለ ሰፈር የመጡት ሳይመሽባቸው ይድረሱ። ፎቶም ቢሆን ወላጅ ሳይፈርም የልጆቹን ፊት ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የሚለጥፍ እንዳይኖር ለሁሉም ቀድመሽ ተናገሪ።

«አበል አለው?» ያሉሽን ባልደረቦችሽን አትቀየሚያቸው። የመምህር ኑሮ እንዴት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ሃያ ሰው አትለምኚ። በልባቸው ያሉትን ሦስት አራት ሰዎች ፈልጊ። ከመካከላቸው ወንድ መምህር ቢኖር በጣም ጥሩ ነው። ለእያንዳንዱ አንድ የተቆረጠ ሥራ ስጪው፦ አንዱ ምሳ፣ አንዷ የወላጅ ፈቃድ፣ አንዱ ዕቃ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው ይባል የለ? አሁን ሁሉንም ብቻሽን ተሸክመሽዋል፤ ባለቤትሽም ያየው ያንን ይመስለኛል። «ራስሽን አትጨርሺ» ሲልሽ እንደ ተቃውሞ ሰማሽው ወይስ እንደ ስስት? እስቲ ተቀምጣችሁ አውሩበት። ምናልባት በዋዜማው ዕቃ የሚያመላልስልሽ እሱ ይሆናል።

ስለ ፍርሃትሽ። መሳቂያ እሆናለሁ ብለሻል። ሳነበው ትዕግስትን አስታወስሽኝ። እሷም የፈራችው ይህንኑ ነው። አንቺ ሰው ፊት የምትሳሳቺበትን ነገር ስትሞክሪ ብታይሽ ምን የምትማር ይመስልሻል? አልኮሉ ባይሠራ፣ አንዷ እንግዳ ብትቀር፣ መብራት ቢጠፋ፣ ልጆቹ ፊት «አልሆነም፣ እንደገና እንሞክር» ማለት ትችያለሽ። ያንን ከሰሌዳ ፊት ከቆመ ትልቅ ሰው ብዙ ጊዜ አይሰሙም።

አንድ ነገር ግን እስከ የካቲት አይቆይም። የራስሽ ክፍል። ወንዶቹ ሲስቁ አንቺ እዚያ ነበርሽ። ያን ቀን ምን አልሽ? ልወቅስሽ አይደለም፤ 60 ተማሪ ይዞ ሁሉን ማየት አይቻልም። አሁን ግን ሕጉን ግልጽ አድርጊው። በዚህ ክፍል በተሳሳተ ሰው አይሳቅም፣ በማንም። የሳቁትንም ለብቻ ጠርተሽ በቀስታ አናግሪያቸው፤ ክፉ ልጆች ላይሆኑ ይችላሉ። ትዕግስትን ደግሞ ሰሌዳ ላይ አትጥሪያት፣ ገና ነው። ከክፍል በኋላ ያን ቀን የጀመረችውን መንገድ አስረጂኝ በያት። የቱ ጋ እንደሳተች አብራችሁ ፈልጉ። የላብራቶሪ መምህሮቹንም መሣሪያ የሚይዝና ሪፖርት የሚጽፍ በየሳምንቱ እንዲቀያየር ጠይቂያቸው። ምንም ገንዘብ አይፈልግም፤ ከጉባኤው በላይ የሚሠራውም ምናልባት ይሄ ነው።

ከቀኑ በኋላም በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ የሚገናኝ ክበብ ይኑራቸው። የሥርዓተ ፆታ ክበቡ ወይም የሳይንስ ክበቡ ካለ በእሱ ስር ይሁን። ከዩኒቨርሲቲው የመጡት ልጆች በወር አንዴ ብቅ ቢሉ ይበቃል።

ርዕሰ መምህሩ ይህን ሁሉ ሰምተው አሁንም እንቢ ቢሉ አትጣዪ። ክበቡ የተፈቀደለትን ሰዓት ተጠቀሚ። ሃያ ልጅ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሙዝና ከርከዴ። የሠሩትንና የጻፉትን በአንድ ክላሰር አስቀምጪ። በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ላይ ፕሮፖዛሉን እንደገና ስታስገቢ አብረሽ የምታቀርቢው እሱ ነው።